ዓይነት ያለው ሠንጠረዥ የሚያነብ ላይብረሪ፦ በይነገጹ ምን ይምሰል?

ዓምድ ቆጣሪ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በጎላንግ የፕሮግራም ቋንቋ አንድ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠሩት የተዘጋጀ ኮድ፣ እየሠራሁ ነው። ሥራው ሲነገር አጭር ነው፦ የሲኤስቪ ፋይል (ሴሎቹ በኮማ የተለዩ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) ይከፍታል፣ ቁጥሩን ቁጥር፣ ቀኑን ቀን አድርጎ ያነባል፣ ለጠሪው ፕሮግራም ያስረክባል። ፋይሎቹ የሚመጡት ከቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። ማኅበራቱ በኤክሴል ይመዘግቡና በወሩ መጨረሻ በሲኤስቪ አስቀምጠው ይልካሉ። የአባል ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የተመዘገበበት ቀን፣ የቁጠባ መጠን፣ ቀበሌ። አንዱ የዓምዶቹን ቅደም ተከተል ይለውጣል፣ ሌላው መጨረሻው ላይ «ምርመራ» የሚል ዓምድ ይጨምራል።

የጎላንግ መደበኛ ላይብረሪ እያንዳንዱን ረድፍ የጽሑፍ ዝርዝር አድርጎ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የራስ ጉዳይ ነው። እኔ በሦስት ሐሳቦች መካከል ቆሜያለሁ። አንደኛው ረድፍ በረድፍ እየሄዱ እያንዳንዱን ሴል በዓምዱ ስም መጠየቅ ነው፦ ረድፍ.ሙሉቁጥር፣ ረድፍ.ቀን እያሉ። ሁለተኛው ተጠቃሚው «አባል» የሚባል ስትራክት (ስምና ዓይነት ያላቸው ቦታዎች ስብስብ) አስቀድሞ ጽፎ ላይብረሪው በየረድፉ እንዲሞላለት ማድረግ ነው፤ የረስት ቋንቋ ሰዎች በሰርዴ ላይብረሪ የለመዱት ዓይነት። ሦስተኛው እንደ ፓንዳስና እንደ አሮው ላይብረሪዎች ዓምዱን በሙሉ በአንድ ጊዜ ማስረከብ ነው።

ከእነዚህ ሌላ የማይለቀኝ ጥያቄ አለ። ተጠቃሚው ምንም ሳይናገር ላይብረሪው ዓይነቱን ራሱ ይገምት? የሥራ ባልደረቦቼ «ፓንዳስ ያደርገዋል፤ ያንተ ለምን አያደርግም?» ይሉኛል። እናንተስ?

ተጠራጣሪው

አይገምት። እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ምክንያቱን መጠየቅህ ስለማይቀር ልጻፈው።

ስልክ በ09 ወይም በ07 ይጀምራል። ገማቹ አሥሩንም አሃዝ አይቶ «ሙሉ ቁጥር ነው» ይላል፤ የፊተኛዋ ዜሮ ትጠፋለች። ስልክ የሌለው አንድ አባል በመካከል ካለ ደግሞ ፓንዳስ በነባሪው፣ ማለትም ሌላ ካልታዘዘ፣ ዓምዱን በሙሉ ወደ ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) ይለውጠዋል፤ ባዶነትን የሚያመለክትበት ምልክት ራሱ ፍሎት ነውና። መልሰህ ወደ ፋይል ስትጽፈው ስልኩ ከኋላው ነጥብና ዜሮ ተለጥፎበት ይወጣል። ባዶ የሚቀበል የሙሉ ቁጥር ዓይነት በ2019 ተጨምሮለታል፤ ነገር ግን ካልጠየቅከው አይመጣም።

የፋይዳ ካርድ ቁጥር ደግሞ 16 አሃዝ ነው። ኤክሴል በቁጥርነት በትክክል የሚይዘው እስከ 15 አሃዝ ነው። ሴሉ አስቀድሞ «ጽሑፍ» ካልተባለ በቀር የመጨረሻዋ አሃዝ ፋይሉ አንተ ጋር ከመድረሱ በፊት ዜሮ ሆናለች። ይባስ ብሎ ወደ ሲኤስቪ የሚወጣው በማያ ገጹ ላይ የሚታየው ስለሆነ፣ ከቁጥሩ ፋንታ ጥቂት አሃዞችና የአሥር ርቢ ብቻ ልታገኝ ትችላለህ። ይህን የሚመልስ ላይብረሪ የለም። ሆኖም ዓይነቱ «16 አሃዝ ያለው ኮድ» ተብሎ የተጻፈ ከሆነ ቢያንስ ርቢ ያለበትን ሴል አልቀበልም ይልልሃል። ገማቹ ግን «ትልቅ ፍሎት» ብሎ በደስታ ይቀበለዋል።

ስልክ፣ የአባል ቁጥርና የፋይዳ ቁጥር አይደመሩም፣ አይካፈሉም። አሃዝ ለብሰው የመጡ ስሞች ናቸው። ገማች ይህን ከሴሉ ውስጥ አይቶ ሊያውቅ አይችልም፤ የሚያውቀው ሰው ነው።

ጣና ዳር

ተጠራጣሪው ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን እሱ የሚጽፈው ፋይሉን አስቀድሞ በሚያውቅ ሰው ቦታ ሆኖ ነው። ለእኔ የሚመጣው አይቼው የማላውቅ ፋይል ነው። የቤተሰብ ጥናት መረጃ ከመቶ በላይ ዓምድ ይዞ ይመጣል። ሁሉንም በእጅሽ ጻፊ የምትሉኝ ከሆነ ላይብረሪያችሁን ለእናንተው ትቼ ወደ አር ቋንቋ እመለሳለሁ።

በአር ውስጥ ሪድአር የሚባለው ላይብረሪ እንዴት እንደሚያደርገው ተመልከቱ። በነባሪው እስከ 1,000 ረድፍ አይቶ ይገምታል፤ የገመተውን ግን አይደብቅም። እያንዳንዱን ዓምድ ምን ብሎ እንዳነበበው ዘርዝሮ ያሳያል፤ ዝርዝሩን ቀድቶ ኮድ ውስጥ መለጠፍ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግምት የለም። ሊነበቡ ያልቻሉትን ሴሎች ደግሞ ረድፉን፣ ዓምዱን፣ የተጠበቀውንና የተገኘውን ጽፎ በሌላ ሠንጠረዥ ያቆያቸዋል። ዳታ ቴብል በሚባለው ሌላ የአር ላይብረሪ ውስጥ ያለው ኤፍሪድ ከዚያም ይጠነቀቃል፤ የፋይሉን መጀመሪያ ብቻ አይቶ አይፈርድም፤ ከ100 ቦታዎች መቶ መቶ ረድፍ ይወስዳል። ፖላርስ የሚባለው ላይብረሪ በአንጻሩ በነባሪው የመጀመሪያዎቹን 100 ረድፎች ብቻ ያያል። እዚያ ድረስ ሁሉም ሙሉ ቁጥር ሆኖ ከዚያ በኋላ ነጥብ ያለው ሲመጣ ይቆማል። መቆሙን እወድለታለሁ።

እኔ የምለው ግምቱ ከማንበቢያው ይውጣ ነው። በማንበቢያው ውስጥ ከተሸሸገ ዛሬ የመጣው ፋይልና በሚቀጥለው ወር የሚመጣው ፋይል በሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ይገባሉ፤ ማንም አያውቅም። መገመቻው ለብቻው የቆመ መሣሪያ ይሁን። ፋይል ይቀበል፣ ስኪማውን (የዓምዶቹን ስምና ዓይነት ዝርዝር) በሚነበብ ጽሑፍ ይጻፍ፣ ሰው ያርመው፣ ከኮዱ ጋር ይቀመጥ። ማንበቢያው የተጻፈ ስኪማ ካልተሰጠው ከቦታው አይነሣ።

ተጠራጣሪው

በዚህ እፈርማለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ መሣሪያው በየዓምዱ አጠገብ ምን አይቶ እንደወሰነ በአጭሩ ይጻፍ። «ሙሉ ቁጥር፤ ነገር ግን 38 ሴሎች በዜሮ ይጀምራሉ» የሚል ማስታወሻ ያነበበ ሰው ወዲያው ወደ ኮድ ይለውጠዋል።

አባ መዝገብ

ልጆች፣ እስካሁን ስለ ባዶ ሴል በአግባቡ የተናገረ የለም። ተጠራጣሪው ነካ አድርጎት አለፈ።

በጃቫ ዳታቤዝ ያነበባችሁ ሁሉ ጄዲቢሲን ታውቁታላችሁ። ከ1997 ጀምሮ አለ። ከውጤቱ ረድፍ ሙሉ ቁጥር ስትጠይቁት ሴሉ ባዶ ከሆነ ዜሮ ይመልሳል። ዜሮው እውነተኛ ይሁን አይሁን ለማወቅ ወዲያውኑ «አሁን ያነበብኩት ባዶ ነበረ ወይ?» የሚል ሌላ ፈንክሽን መጥራት አለባችሁ። በመካከል ሌላ ዓምድ ካነበባችሁ መልሱ ስለዚያኛው ይሆናል። ይህን ሁለተኛ ጥሪ የሚዘነጋ ፕሮግራም ምንም ሳይሰበር ዓመታት ይሠራል፤ መጥፎነቱም ይኸው ነው። አባሉ ምንም አልቆጠበም ማለትና ስንት እንደቆጠበ አልተመዘገበም ማለት በመዝገብ ፊት ሁለት ነገር ነው። ድምሩ ላይ ልዩነት አታዩም፤ አማካዩ ላይ ግን ታዩታላችሁ።

ዓምድ ቆጣሪ፣ የመጀመሪያ ሐሳብህ የሄደው በዚያው መንገድ ነው። ሁለተኛውም ቢሆን በጎላንግ ያልተሞላ የስትራክት ቦታ ዜሮ ሆኖ ስለሚቀር ከዚያ አያመልጥም።

ባዶ ስትሉም አንድ እንዳይመስላችሁ። ዓምዱ ከነጭራሹ በፋይሉ ውስጥ የለም። ወይም ዓምዱ አለ፣ ሴሉ ግን ነጭ ነው። ወይም መዝጋቢው ሆን ብሎ ሰረዝ አድርጓል፤ «የለም» ወይም «አልተገለጸም» ብሎ ጽፏል። ወይም ሴሉ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፣ ግን አይነበብም። እነዚህን አራቱን አንድ ላይ የሚጨፈልቅ በይነገጽ መረጃ ይጥላል። የ«የለም» ዓይነት ምልክቶች ዝርዝርም ለመላው ፋይል መሆን የለበትም፤ በየዓምዱ ይሁን። «የለም» በስልክ ዓምድ ባዶ ነው፤ በ«ምርመራ» ዓምድ ግን የሰው ቃል ነው። ፓንዳስ እንዲህ ያለውን ዝርዝር በነባሪው ለፋይሉ ሁሉ ስለሚጠቀም የናሚቢያን የሁለት ፊደል የአገር ኮድ፣ ኤንኤን፣ ባዶ አድርጎ ያነበዋል።

ዓምድ ቆጣሪ

አባ መዝገብ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያሉት ወደ ሁለተኛው ሐሳብ ገፍቶኛል። ስኪማው ላይ ዓምዱ «የግድ» ከተባለ ስትራክቱ ውስጥ ተራ ዓይነት ይሆናል። «ባዶ ይፈቀዳል» ከተባለ ደግሞ ዓይነቱ ራሱ «ምናልባት ቀን»፣ «ምናልባት ብር» መሆን አለበት፤ ጀነሪክስ (አንድ ኮድ ለተለያዩ ዓይነቶች የመጻፍ ዘዴ) ከ2022 ጀምሮ በጎላንግ ስላለ ይህን መጻፍ አይከብድም። ሁለቱ ካልተስማሙ፣ ማለትም ስኪማው ባዶ ፈቅዶ ስትራክቱ ተራ ዓይነት ከያዘ፣ ላይብረሪው ፋይሉን ሲከፍት እምቢ ይበል፤ አንድም ረድፍ ሳያነብ። ስለ ውሉ የሚነሣ ጠብ በመክፈቻው ላይ ይለቅ፤ በረድፉ ላይ የሚቀረው የመረጃው ስህተት ብቻ ይሁን።

ጳጉሜን ስድስት

ወደ ቀን እንምጣ። የእኛን አገር ፋይል የሚያነብ ላይብረሪ የሚንሸራተተው እዚያ ላይ ነው። ይህን ረድፍ ተመልከቱ፦

00417,05/13/2015,1250.00

ጳጉሜን 5 ቀን 2015 ነው፤ በአውሮፓውያኑ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2023። በፓይተን ቋንቋ ያለው የቀን አንባቢ ዴትዩቲል «ቀኑ ይቀድማል» ብላችሁ ብትነግሩት እንኳን 13ኛ ወር እንደሌለ ሲያይ በራሱ ያገላብጠውና ሜይ 13 ቀን 2015 ይላችኋል። የጃቫ አሮጌው ሲምፕልዴትፎርማት በነባሪው ልል ስለሆነ 13ኛውን ወር ወደሚቀጥለው ዓመት አሻግሮ ጃንዋሪ 5 ቀን 2016 ያደርገዋል። አዲሱ የጃቫ የጊዜ ላይብረሪ 13ኛ ወርን አይቀበልም፤ ለጥቅምት 30 ቀን 2016፣ ማለትም ለ30/02/2016 ግን በነባሪው ወደ ፌብሩዋሪ 29 ያሳጥረዋል። የጎላንግ መደበኛው ሁለቱንም አይቀበልም። ከሁሉም እሱን እመርጣለሁ።

ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የሚያዙት ጥቂቶቹ ናቸው። ወሮቻችን 30 ቀን ስለሆኑ ከጳጉሜንና ከጥቅምት መጨረሻ በቀር የእኛ ቀን ሁሉ በአውሮፓው አቆጣጠር ልክ የሆነ ቀን መስሎ ያልፋል። 15/06/2016 የካቲት 15 ነው፤ አንባቢው ጁን 15 ብሎ ያለ ቅሬታ ያሳልፈዋል። መዝገቡ በሙሉ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ አንድ ስህተት አይመዘገብም።

ስለዚህ «ቀን» የሚባል ዓይነት አይኑርህ። «የኢትዮጵያ ቀን» እና «የአውሮፓ ቀን» የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች ይኑሩ፤ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር አንዱን በሌላው ቦታ እንዳይቀበል። ጳጉሜን 6 የምትፈቀደው ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ሲተርፍ ብቻ ነው፤ 2011፣ 2015፣ 2019። ሰዓት ያለበት ዓምድ ካለ ደግሞ 2፡30 የጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሁን ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠረው ስኪማው ይናገር።

መገመቻው መሣሪያ ግን እዚህ ላይ ሊረዳ ይችላል። 31ኛ ቀን ካየ የአውሮፓ ነው። 13ኛ ወር ወይም 30/02 ካየ የእኛ ነው። ሁለቱም ከሌሉ ቦታውን ባዶ ትቶ ሰው ይሙላበት።

ተጠራጣሪው

ጳጉሜን ስድስት፣ 13ኛ ወር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ የተዘጋጀ ከሆነ 05/13/2015 በእውነትም ሜይ 13 ነው። ከሁለተኛው ቦታ ላይ 14፣ 15፣ እስከ 31 ያለ ቁጥር በሌሎች ረድፎች መኖሩን ማየት አለብህ። በተጨማሪ 13 ሲመጣ ከፊቱ ያለው ቁጥር ከ6 በላይ ከሆነ ጳጉሜን ሊሆን አይችልም፤ 11/13/2015ን ጳጉሜን 11 የሚል ሰው የለም።

ጳጉሜን ስድስት

ትክክል ነህ፤ የቁጥሮቹ ስርጭት ይታይ። ከዚያው ጋር ሌላ ምልክት አለ። በአሜሪካ አጻጻፍ የተዘጋጀ ኤክሴል ላይ አንድ ሰው 05/06/2016 ቢጽፍ ኤክሴል ቀን መሆኑን አምኖ 5/6/2016 አድርጎ ያሳየዋል፤ ወደ ሲኤስቪም እንዲሁ ይወጣል። 15/06/2016 ቢጽፍ ግን 15ኛ ወር ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ትቶት ይሄዳል፤ ዜሮዋም አትነካም። ስለዚህ በአንድ ዓምድ ውስጥ ቀኑ እስከ 12 የሆነው ያለ ዜሮ፣ ከ12 በላይ የሆነው ከነዜሮው ከመጣ ኤክሴሉ ግማሹን ተርጉሞ ግማሹን እንደተወው ታውቃለህ። እንዲህ ያለውን ዓምድ ሰው ሳያየው ማሳለፍ የለብህም።

ደመና

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ፓርኬ የሚባለውን የፋይል ቅርጽ ተጠቀሙ። ከ2013 ጀምሮ አለ፣ ስኪማው ከፋይሉ ግርጌ ውስጥ አብሮ ይጻፋል፣ ግምትም ክርክርም የለም። ሲኤስቪ የዓይነት መረጃ እንደማይይዝ እየታወቀ በእሱ ላይ ላይብረሪ መሥራት አይገባኝም።

ጣና ዳር

ደመና ወንድሜ፣ የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ፓርኬ አትልክልህም። የምትልከው ያላትን ነው፤ ያላት ኤክሴል ነው። ፓርኬ ከማንበቢያው በኋላ ይምጣ፤ የተጣራውን ለማስቀመጥ ከእሱ የተሻለ አላውቅም። ክርክሩ ያለው ከእሱ በፊት ባለው በር ላይ ነው።

ሰነድ አጣሪ

ስህተት ሲገኝ ምን ይደረግ የሚለውን ማንም ስላላነሣው ላንሣው።

በ2020 ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት 15,841 የኮቪድ ተጠቂዎች ከዕለታዊው ቆጠራ መጉደላቸውን አስታወቀ። ከላብራቶሪ የመጣው ሲኤስቪ ወደ አሮጌው የኤክሴል ቅርጽ ሲገባ ያ ቅርጽ ከ65,536 ረድፍ በላይ ስለማይዝ የተረፈው ተቆርጦ ቀርቶ ነበር። ፋይሉ ተከፍቷል፣ ተነብቧል፣ ያለ ጩኸት ተዘግቷል።

ጎላንግም ከዚህ ነጻ አይደለም። መስመር በመስመር የሚያነበው ስካነር በነባሪው ከ64 ኪሎባይት በላይ የሆነ መስመር ሲገጥመው ያቆማል፤ ዑደቱም ፋይሉ ያለቀ ይመስል በሰላም ይወጣል። ከዑደቱ በኋላ ስህተት ነበረ ወይ ብለህ ካልጠየቅክ የምታውቅበት መንገድ የለም። የዳታቤዙ ረድፍ አንባቢም በዚሁ ባሕርይ ነው የተሠራው። አባ መዝገብ ስለ ጄዲቢሲ ያሉት ነገር ዘመድ ነው፤ ጥያቄውን ለጠሪው የተወ በይነገጽ ጥያቄው እንዳይጠየቅ ፈቅዷል።

ከ2024 ጀምሮ በጎላንግ ዑደት በላይብረሪው ፈንክሽን ላይ መዞር ስለሚችል ፈንክሽኑ በየዙሩ ሁለት ነገር መስጠት ይችላል። ስለዚህ ረድፉና ስህተቱ ተያይዘው ይምጡ፤ ስህተቱን ላለማየት የሚፈልግ ሰው በገዛ እጁ ይጣለው። ሲጨርስም «ይህን ያህል ረድፍ አነበብኩ፣ ይህን ያህል መለስኩ» የሚል ቆጠራ ይስጥ፤ ድምሩ ከፋይሉ ጋር ይመሳከራል።

ስህተቱ ራሱ ምን ይያዝ? የዓምዱን ስም፣ ጥሬውን ጽሑፍ እንዳለ፣ የተጠበቀውን ዓይነት፣ የረድፉን ቁጥርና የፋይሉን መስመር ቁጥር። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያለ ሴል አዲስ መስመር ሊይዝ ይችላል፤ «ምርመራ» ዓምድ ላይ ሁልጊዜ ያጋጥማል። መልእክቱ የሚደርሰው ለፕሮግራም ሠሪ ሳይሆን ለሒሳብ ሠራተኛዋ ነው። «መስመር 212፣ የቁጠባ መጠን፦ ከመጨረሻው ዜሮ ፋንታ የእንግሊዝኛው ኦ ፊደል ተጽፏል» ቢላት ከፍታ ታርመዋለች። «ልክ ያልሆነ እሴት» ቢላት ስልክ ትደውልልሃለች።

በመጀመሪያው ስህተት ይቁም ወይስ ሁሉንም ይሰብስብ? ሁሉንም፣ ግን በጣሪያ። የስህተቱ ቁጥር ጠሪው ካስቀመጠው ጣሪያ ካለፈ ምናልባት የሌላ ማኅበር ስኪማ ነው የተሰጠው፤ መቀጠል ጥቅም የለውም።

ፍጥነት ወዳጅ

ስለ ፍጥነት አንድ ሰው ይናገር እንጂ። በ64 ቢት ጎላንግ ውስጥ አንድ ጽሑፍ ፊደሎቹ ሳይቆጠሩ 16 ባይት ለራስጌው ይወስዳል። ያው ሴል ወደ ሙሉ ቁጥር ቢለወጥ 8 ባይት ነው። ሦስተኛውን ሐሳብ፣ የዓምዱን፣ ዝም ብላችሁ ቀበራችሁት።

ዓምድ ቆጣሪ

አልቀበርኩትም፤ አስተላለፍኩት። የአንድ ማኅበር ፋይል ጥቂት ሺህ ረድፍ ነው። በስኪማው ላይ ተመሥርቶ የዓምድ አንባቢ በኋላ መጨመር ይቻላል፤ ስኪማው አንድ ነው፣ ማስረከቢያው ሁለት ይሆናል። ለፍጥነት ብዬ የማላደርገው አንድ ነገር አለ፦ የመደበኛው ላይብረሪ አንዱን የረድፍ ዝርዝር ለሁሉም ረድፍ ደግሞ እንዲጠቀምበት የሚያስችል አማራጭ አለው። ጠሪው ዝርዝሩን ይዞ ካቆየው በሚቀጥለው ረድፍ ይጻፍበታል። ውስጥ ለውስጥ እጠቀምበታለሁ፤ ለተጠቃሚ ግን አላወጣውም።

ፊደል ለቃሚ

ሁላችሁም ወደ ሴሉ ቸኮላችሁ፤ ራስጌው ላይ ሳትደርሱ የምትወድቁበትን ልንገራችሁ።

ኤክሴል ላይ «ሲኤስቪ» የሚል ምርጫ ከአንድ በላይ አለ። ተራውን የመረጠ ሰው የአማርኛ ስሞቹን በሙሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጣቸዋል፤ የጠፋው አይመለስም። ዩቲኤፍ-8 (የሁሉንም ቋንቋ ፊደላት የሚይዝ አጻጻፍ) የሚለውን የመረጠ ደግሞ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማይታዩ ሦስት ባይቶች ያስገባል። ስለዚህ አማርኛ ሳይበላሽ ከኤክሴል የሚመጣልህ ፋይል እነዚህን ባይቶች ይዞ ነው የሚመጣው፤ ልዩ ሁኔታ አድርገህ አትቁጠረው። የጎላንግ መደበኛ አንባቢ አያነሣቸውም። የመጀመሪያው ዓምድ «የአባል ቁጥር» ሆኖ እየታየህ «የአባል ቁጥር የሚባል ዓምድ የለም» ይልሃል። ራስጌው በትእምርተ ጥቅስ የተከበበ ከሆነ ደግሞ ስለ ጥቅሱ ሌላ ስህተት ያወጣና ዓይንህን ወደ ሌላ ቦታ ይመራዋል። አንሣቸው። የስም ዓምድ በጥያቄ ምልክት ብቻ የተሞላ ከሆነም ፋይሉን መልስና «በዩቲኤፍ-8 አስቀምጠው እንደገና ይላኩ» በል።

ቀጥሎ ፊደሉ። «ዓመተ ምሕረት»፣ «አመተ ምህረት»፣ «ዓመተ ምህረት»። ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ነው። የዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ኮድ መዝገብ) ማስተካከያ ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ አያዋህድም፤ ስህተትም አይደለም፣ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ራስጌን ለማመሳከር ብቻ አንተ ወደ አንዱ አጥፋቸው፣ በቃላቱ መካከል ያለውን ትርፍ ክፍተትና «፡»ንም እንዲሁ። ሴሉ ውስጥ ግን እንዳትነካ። የሰው ስም በፀሐዩ «ፀ» ከተጻፈ በዚያው ይቀመጥ።

የግዕዝ ቁጥርም ያጋጥማል፣ በተለይ የቀበሌ ዓምድ ላይ። ፓይተን «፩ አሃዝ ነው ወይ?» ስትለው አዎ ይላል፤ ወደ ሙሉ ቁጥር ለውጥ ስትለው ስህተት ያወጣል። ዩኒኮድ አሃዝ ብሎ መዝግቦት እንደ አስርዮሽ አሃዝ ስላልመዘገበው ነው፤ በግዕዝ አጻጻፍ ዜሮም የቦታ ዋጋም የለምና ትክክል ነው። የምትፈልገው ከሆነ ለብቻው ዓይነት አድርገው።

አባ መዝገብ

የቀድሞ ፋይል ካለም በቪዥዋል ግዕዝ (የቀድሞ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) ዘመን የተጻፈ ይገኛል። የላቲን ፊደላት ድሪቶ ሆኖ ይታያል። እሱ የላይብረሪህ ሥራ አይደለም፤ ለብቻው ይለወጥ።

ዓምድ ቆጣሪ

የተባለውን ይዤ ስኪማውን እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፤ ስምና ቀበሌ ተራ ጽሑፍ ስለሆኑ እዚህ አላሳየኋቸውም፦

ስኪማ፦ የአባላት መዝገብ
ዓምድ «የአባል ቁጥር»፤ ኮድ፣ 5 አሃዝ፤ የግድ
ዓምድ «ስልክ»፤ ኮድ፣ 10 አሃዝ፤ ባዶ ይፈቀዳል፤ የባዶ ምልክቶች፦ ሰረዝ፣ «የለም»
ዓምድ «የፋይዳ ቁጥር»፤ ኮድ፣ 16 አሃዝ፤ ባዶ ይፈቀዳል
ዓምድ «የተመዘገበበት ቀን» ወይም «የምዝገባ ቀን»፤ የኢትዮጵያ ቀን፣ ቀን/ወር/ዓመት፤ የግድ
ዓምድ «የቁጠባ መጠን»፤ ብር፤ ባዶ ይፈቀዳል
ያልታወቀ ዓምድ ሲገኝ፦ አስጠንቅቅ
የስህተት ጣሪያ፦ 100

በይነገጹ ሦስት ጥሪ ብቻ ነው። «ገምት» ፋይል ተቀብሎ ይህን የመሰለ ጽሑፍ ይጽፋል፤ ረድፍ ግን አያስረክብም። «ክፈት» ፋይሉን፣ ስኪማውንና የስትራክቱን ዓይነት ተቀብሎ ሦስቱን ያስታርቃል፤ ካልታረቁ እዚያው ይመለሳል። «ረድፎች» በዑደት ረድፍና ስህተት አጣምሮ ይሰጣል፤ ሲያልቅ ቆጠራውን ያስረክባል። ረድፍ በረድፍ በስም የሚጠይቀውን የመጀመሪያውን ሐሳብ ከነጭራሹ አውጥቼዋለሁ።

ያልታወቀ ዓምድ ላይ አላመነታሁም፤ «ምርመራ» የጨመረን ማኅበር ፋይሉን መመለስ አላስፈላጊ ጭቅጭቅ ነው። ያመነታሁት «ብር» ላይ ነው። ፍሎት እንደማይሆን አውቃለሁ። ከዚያ በኋላስ?

ተጠራጣሪው

ያልታወቀ ዓምድ ላይ አልስማማም። ዛሬ «ምርመራ» ነው፤ ነገ «የቁጠባ መጠን 2» ይሆናል፤ ማስጠንቀቂያውን ደግሞ ማንም አያነበውም። «ምርመራ»ን በስም ፍቀድና ሌላውን መልስ።

ጣና ዳር

ነባሪው የተጠራጣሪው ይሁን፤ ማላላት የሚፈልግ በስኪማው ይጻፈው። እኔ አላላዋለሁ።

ሰነድ አጣሪ

ብርን በሳንቲም ቆጥረህ በ64 ቢት ሙሉ ቁጥር ያዘው። ከነጥብ በኋላ ከሁለት አሃዝ በላይ ካለ አታጠጋጋ፤ መልሰው። የሺህ መለያ ኮማ በትክክለኛ ቦታው ከሆነ ብቻ ተቀበል፦ 1,250.00 እሺ፣ 12,50.00 እምቢ። ሲኤስቪ ውስጥ ኮማ ያለው ቁጥር በትእምርተ ጥቅስ መከበብ ስላለበት ያልተከበበ ከመጣ ረድፉ አንድ ሴል ይበዛበታል፤ ያን ጊዜ «ሴል በዛ» ከማለት ይልቅ የትኛው ዓምድ ላይ ሳይሆን እንደማይቀር ጠቁም። «ብር» የሚል ቃል ከኋላው ካለ አንሥተህ ማንበብ ትችላለህ።

አባ መዝገብ

የሒሳብ ሰዎች ተቀናሽን በሰረዝ አይጽፉም፤ በቅንፍ ነው የሚያስቀምጡት። (500.00) ማለት አምስት መቶ ብር ወጪ ነው። በስኪማው ላይ «ቅንፍ ተቀናሽ ነው» የሚል አማራጭ አኑር፤ ካልተጻፈ ቅንፍ ያለበት ሴል ይመለስ። በቁጠባ ዓምድ ላይ ብቻውን የቆመ ሰረዝ ደግሞ አንዱ ማኅበር ዜሮ ለማለት፣ ሌላው አልተመዘገበም ለማለት ይጠቀምበታል። እሱን ለየማኅበሩ ደውለህ ጠይቅና በየስኪማው ጻፈው።